በሐዋሳ መሀል ከተማ ለቅዳሜና እሁድ ተመጣጣኝ አልጋ ስለማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አርብ ገብተው እሁድ ለሚመለሱ፣ ሐይቁንም ፒያሳውንም በእግር መድረስ ለሚፈልጉ የተዘጋጀ።

ለሁለት ሌሊት እንግዳ ሐዋሳ ውስጥ "መሀል ከተማ" የሚባለው የቱ ነው?

ከፒያሳና ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነስቶ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚወርደው ሰፊ መንገድና ግራ ቀኙ ያሉት ሠፈሮች ናቸው። እዚህ ካደሩ ምግብ ቤቱም፣ ባንኩም፣ ሐይቁም በእግር ይደረሳል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች መንገዱ አያደክምም፤ ከገብርኤል እስከ ሐይቁ ዳር ዘና ብሎ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

ስልክ ላይ ግን "መሀል ከተማ ነን" የማይል ቤት የለም። ስለዚህ በሠፈር ስም አይከራከሩ። "ከገብርኤል በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ከፍቅር ሐይቅስ?" ብለው ሁለቱንም ይጠይቁ። ሁለቱም ከሃያ ደቂቃ በታች ከሆኑ መሀል ነው። "በባጃጅ ቅርብ ነው" የሚል መልስ ከመጣ ሩቅ ነው ማለት ነው። አቶቴ፣ ዋናው ዩኒቨርሲቲ አካባቢና ወደ ቱላ አቅጣጫ ያሉት አልጋዎች ረከስ ይላሉ፤ ነገር ግን በቀን አራት ጊዜ ባጃጅ ሲያዝ፣ በተለይ ማታ በኮንትራት፣ የተረፈው ገንዘብ እዚያው ያልቃል።

ቤርጎ፣ ፔንሲዮን፣ ገስት ሃውስ፣ ሆቴል፣ ሪዞርት፤ የትኛው ያዋጣል?

ቤርጎ ከሁሉም ይረክሳል፤ ብዙ ጊዜ ሻወሩና ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ፊት ለፊቱም ቡና ቤት ይኖራል። ፔንሲዮን አልጋ ብቻ የሚያከራይ ቤት ነው፤ ሻወሩ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ምግብ ግን የለውም ወይም ቁርስ ብቻ ይሰጣል። ገስት ሃውስ ከመኖሪያ ቤትነት የተቀየረ፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት፣ ጸጥ ያለ ቤት ነው። ሆቴል ምግብ ቤት፣ ሪሴፕሽንና አብዛኛውን ጊዜ ጀነሬተር አለው። ሪዞርት ሐይቁ ዳር ነው፤ የሚከፈለውም ለክፍሉ ብቻ ሳይሆን ለግቢው፣ ለመዋኛው፣ ለዛፉ ጥላ ጭምር ነው።

ለሁለት ሌሊት በጀት ለሚቆጥብ ሰው የእኛ ምርጫ አዲስ የተሠራ፣ ሻወሩ ውስጡ የሆነ፣ መሀል ከተማ ያለ ፔንሲዮን ነው። ሐዋሳ ውስጥ ቁርስ ፈልጎ የሚቸገር የለም፤ ፉሉም፣ ጨጨብሳውም፣ ጁሱም በየመንገዱ አለ። ስለዚህ "ቁርስን ጨምሮ" ለሚል ሆቴል ብቻ ብለው ብዙ መጨመር አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ መዋል የሚፈልግ፣ በተለይ ልጆች የያዘ፣ ሪዞርቱ ያዋጣዋል። ቀን አሞራ ገደልና ታቦር ተራራ፣ ማታ ፒያሳ ለሚውል ሰው ግን ያላየው መዋኛ ሒሳብ መክፈል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ፔንሲዮኖች ክፍሉን በሰዓት ያከራያሉ። እንደዚህ ያለ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በር ይንኳኳል፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመላለሳል፤ ቅዳሜም በስልክ አልጋ አይይዝልዎትም፣ ምክንያቱም በሰዓት ማከራየቱ ይበልጥበታል። "የቀን አልጋ ታከራያላችሁ?" ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። አዎ ካሉ ሌላ ይፈልጉ።

ሐይቁ ዳር ልደር ወይስ ፒያሳ?

ዋጋው በሁለቱ ቦታ ተቃራኒ ነው የሚሄደው። ሐይቁ ዳር ያሉት ቅዳሜና እሁድ ይሞላሉ፣ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይጠነክራል። የመሀል ከተማ ሆቴሎች ደግሞ ብዙ ገቢያቸው ከሰኞ እስከ አርብ ከሚደረግ ስብሰባና ሥልጠና ስለሆነ ሠልጣኙ አርብ ሲሄድ ባዶ ክፍል ይቀራቸዋል። ቅዳሜና እሁድ ዋጋ ማስቀነስ የሚቻለው እነዚህ ጋ ነው። "ለሁለት ሌሊት ነው፣ የዊኬንድ ቅናሽ አላችሁ?" ማለት ብቻ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሐይቅ ዳር ማደር ትልቁ ጥቅሙ ጠዋት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ አሞራ ገደል ጀልባቸውን አስጠግተው መረብ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ሲጠብቁ ለማየት በማለዳ መገኘት ያስፈልጋል። ፒያሳ ያደረ ሰውም በባጃጅ ይደርሳል፤ ግን በጊዜ መነሳት አለበት። ማታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ ሌሊት ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ከመሸ በኋላ መብራት በሌለው የሐይቅ ዳር በእግር እየሄዱ ወደ ማደሪያዎ መመለስን ዕቅድዎ ውስጥ አያስገቡ።

የአንድ ሌሊት አልጋ ስንት ነው?

እዚህ ቁጥር ብንጽፍ ከጥቂት ወራት በኋላ ያሳስታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ የአልጋ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ካገኙ ጭራሽ አይቁጠሩት። የቴሌግራም ማስታወቂያ ላይ ያለ ዋጋም የተለጠፈበትን ቀን አይተው ነው የሚታመነው።

የዕለቱን ዋጋ ለማወቅ አንድ ሰዓት ይበቃል። መሀል ከተማ ካሉ ሦስት ፔንሲዮኖችና ሁለት ሆቴሎች ዘንድ ይደውሉ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ "የዚህ አርብና ቅዳሜ፣ ሻወር ያለው፣ ለሁለት ሰው፣ ሁሉም ነገር ተጨምሮ ስንት ነው?" አምስት መልስ ሲያገኙ የገበያው ወለልና ጣሪያ ይታያል። ከሌሎቹ በጣም የወረደ ዋጋ ካለ ምክንያት አለው፤ ውሃ፣ ጫጫታ ወይም ርቀት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ አይያዙ።

ስልክ ላይ የተነገረኝ ሌላ፣ ደረሰኙ ላይ የመጣው ሌላ። ለምን?

ሆቴሎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ሳይጨመር ያለውን ነው። ሰርቪስ ቻርጁ በአብዛኛው 10 በመቶ ሲሆን ቫቱ 15 በመቶ ነው። ቫቱ የሚሰላው ደግሞ ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው። ለምሳሌ 1,500 ብር የተባለ ክፍል ሰርቪሱ ሲጨመር 1,650፣ ቫቱ ሲጨመር 1,897 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ለሁለት ሌሊት 3,000 ብር ብሎ የመጣ ሰው 3,795 ይከፍላል ማለት ነው፤ ልዩነቱ የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው።

"ፕላስ ፕላስ" ወይም "ቫት አልተካተተም" ሲሉዎት የተናገሩትን በ1.265 ያባዙ፣ የሚከፍሉት እሱ ነው። ለቫት ያልተመዘገበ ትንሽ ፔንሲዮን አብዛኛውን ጊዜ የተናገረውን ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የሆቴልና የፔንሲዮን ዋጋ ሲያወዳድሩ መጀመሪያ የሆቴሉን ሒሳብ ሠርተው ነው። ወደ ሆቴሉ ካዘነበሉም "ሁሉም ተጨምሮ" ያሉትን ዋጋ በቴክስት ያስልኩ።

ስንት ቀን ቀድሜ ልያዝ?

ለተራ ቅዳሜና እሁድ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መደወል ይበቃል። በዓል ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው፤ የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ከየአቅጣጫው ሰው ይጠራል፣ ቤተ ክርስቲያኑም መሀል ከተማ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያልቀው መሀል ያለው አልጋ ነው። ለእነዚህ ቀናት አንድ ወር ቀድመው ካልያዙ መሀል ከተማ ውስጥ በልክ ዋጋ ማግኘት ይከብዳል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላም እንደዚሁ ከተማዋን ይሞላል። በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሰው የሚሰበሰብበት ጉዱማሌም ሐይቁ ዳር ነው። ቀኑ በየዓመቱ አንድ ስላልሆነ፣ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ዘመን ቆጠራ አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው የሚወስኑት ስለሆነ፣ ዕቅድ ከማውጣትዎ በፊት የዚያ ዓመት ቀን መታወጁን ይጠይቁ። የዩኒቨርሲቲው ምረቃ፣ የጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት፣ እንዲሁም የፕሪምየር ሊግ ጨዋታዎች በሐዋሳ የሚካሄዱባቸው ሳምንታትም አልጋ ይሻማሉ።

በዓሉን ለማየት ካልሆነ የሚመጡት፣ ሳምንት ገፋ ማድረግ ከሁሉም ቅናሽ ይበልጣል።

በኢንተርኔት ልያዝ ወይስ በስልክ?

ኢንተርኔቱን ለማየት፣ ስልኩን ለመያዝ ይጠቀሙ። ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ያሉት በአብዛኛው ሆቴሎችና ሪዞርቶች ናቸው፤ መሀል ከተማ ያሉት ደህና ፔንሲዮኖች ብዙዎቹ የሉበትም። ዋጋውም በዶላር የሚታይበት ጊዜ አለ፣ በብር ሲደውሉ ከሚነገርዎት ሊለይ ይችላል። ካርታ ላይ ያለው ምልክትም ሁልጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ አያርፍም።

ፎቶዎቹን ሲያዩ ቀናቸውን ልብ ይበሉ። በኮሪደር ልማቱ ገጽታቸው የተቀየረ መንገዶች አሉ፣ የቆየ ፎቶ ላይ የሚታየው መግቢያና ፓርኪንግ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ሲደውሉ "ደጃችሁ ላይ ግንባታ አለ?" ማለት አይጎዳም፤ ጠዋት በ12 ሰዓት የድንጋይ መቁረጫ ድምፅ ከመስማት ያድናል።

ሲደወል በትክክል ምን ይጠየቃል?

አንደኛ፦ ዋጋው ሁሉን ጨምሮ። ሁለተኛ፦ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ወደ መንገድ ነው ወደ ጓሮ የሚያየው? ሦስተኛ፦ ታንከር አላችሁ ወይ፣ ውሃ ሲጠፋስ ለስንት ቀን ይበቃል? አራተኛ፦ ጀነሬተሩ ሲነሳ መብራቱን ብቻ ነው የሚያበራው ወይስ የውሃ ፓምፑንና ሶኬቱንም? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጀነሬተር አለ ተብሎ ይገባና መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ይበራል፣ ከላይኛው ፎቅ ሻወር ግን ጠብታ አይወርድም።

ያናገረዎትን ሰው ስም ይጠይቁ፣ ከዚያ ስልኩን ዘግተው በዚያው ቁጥር አጭር መልእክት ይላኩ፦ ስምዎን፣ የሚገቡበትን ቀን፣ የሌሊቱን ብዛት፣ የተስማማችሁበትን ዋጋ። "እሺ" ብሎ ከመለሰ የተጻፈ ማስረጃ አለዎት። የቀንና የማታ ሠራተኛ በሚፈራረቅበት ሪሴፕሽን በቃል የተያዘ አልጋ በቀላሉ ይረሳል።

ቀኑና ሰዓቱ ላይ ስሕተት የሚፈጠረው የት ነው?

ሁለት ካሌንደርና ሁለት ሰዓት ስላለን ነው። የቦታ መያዣ ድረ ገጾች በፈረንጆቹ ይሄዳሉ፤ ሪሴፕሽኗ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእኛ ትጽፋለች። "በ16 እመጣለሁ" ያለ እንግዳ መስከረም 16 ይሁን ሴፕቴምበር 16 ሳይለይ ይመዘገባል። ሁልጊዜ የሳምንቱን ቀን ጨምረው ይናገሩ፦ "አርብ ማታ ገብቼ እሁድ ጠዋት የምወጣ፣ ሁለት ሌሊት።" ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ "አርብ" የሚለው ያርመዋል።

ለገብርኤል በድረ ገጽ የሚይዙ ደግሞ ይህን ያስቡ፦ ታኅሣሥ 19 አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን ዲሴምበር 29 ነው። በ2020 ዓ.ም. የሚውለው በ29ኛው ነው። ሐምሌ 19 አይቀያየርም፣ ሁልጊዜ ጁላይ 26 ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ማረጋገጫው ላይ ቼክ አውት 12:00 ካለ የእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ ቼክ ኢን 14:00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከሁሉም የሚያሳስተው ሌሊት የሚደርስ ሰው ነው። አርብ ሌሊት 7 ሰዓት የሚገባ እንግዳ በድረ ገጹ ቅዳሜ 01:00 ሆኖ ይታየዋል፣ "ቅዳሜ" ብሎ ይይዛል፤ ሲደርስ ክፍሉ የተያዘለት ለቅዳሜ ማታ ነው። እንዲህ ከሆነ መያዝ ያለበት የአርቡን ሌሊት ነው።

አርብ ከሥራ ወጥቼ ከአዲስ አበባ ብነሳስ?

መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመኪናና በመንገዱ ሁኔታ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። የሕዝብ ማመላለሻው የሚነሳው ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ የተነሳ ሰው ጨለማ ያገኘዋል፣ እየመሸ ሲሄድም መኪና ማግኘቱ ይከብዳል። ከተቻለ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደው እስከ ቀን 6 ሰዓት ድረስ ይነሱ። ካልሆነ ቅዳሜ በማለዳ ተነስቶ የአንድ ሌሊት አልጋ ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ማታ በ4 ሰዓት ገብተው ለሚተኙበት ብቻ ሙሉ ሌሊት መክፈል አያዋጣም። ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ።

አርብ አምሽተው የሚገቡ ከሆነ "እስከ ማታ 4 ሰዓት እደርሳለሁ፣ ክፍሉ ይቆየኝ" ብለው ከሻሸመኔ ላይ ይደውሉ። ቀብድ ያልተከፈለበት አልጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በሩ ላይ ለቆመ ሰው ይሰጣል።

ቀብድ ላክ ተብያለሁ። ልላክ?

ለተራ ሳምንት የመጀመሪያውን ሌሊት ግማሽ፣ ለበዓል የአንድ ሌሊት ሙሉ ሒሳብ ቢጠየቁ ያለ ነገር ነው። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲልኩ ዋናው የሚታየው የተቀባዩ ስም ነው። የድርጅቱ ወይም በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ባለቤት ስም ከሆነ ደህና ነው። ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት የስልክ መተግበሪያው የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ እዚያ ላይ የመጣው ስም ስለ ሆቴሉ ካወሩት ጋር የማይገናኝ ከሆነ ያቁሙ።

በቀን የሚከራይ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ በቴሌግራም ወይም በደላላ ሲያገኙ ጥንቃቄው ይበረታል። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት በቪዲዮ ይደውሉና ከበሩ ጀምሮ እንዲያሳይዎት ያድርጉ፦ የውጭውን መንገድ፣ ደረጃውን፣ ክፍሉን፣ ሻወሩ ሲከፈት። የተቀረጸ ቪዲዮ አይበቃም፣ ከማንም የተወሰደ ሊሆን ይችላል። "አሁን ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቶሎ ላክ" የሚል ግፊት ከመጣ ይተዉት። የደላላው ኮሚሽን ከማን እንደሚወሰድም አስቀድመው ይጨርሱ።

መታወቂያ ይጠየቃል? ሁለት ጓደኛሞች አንድ ክፍል መያዝ እንችላለን?

ይጠየቃል። ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ፓስፖርት ይዘው ይምጡ፤ ለአንድ ክፍል ሁለት ሰው ከሆናችሁ የሁለታችሁም ይመዘገባል። መታወቂያዎን ሪሴፕሽን ላይ እናስቀምጥ ቢሉ ተመዝግቦ ወይም ፎቶ ተነስቶ እንዲመለስልዎት ይጠይቁ።

ሁለት ወንዶች ባለ አንድ ሰፊ አልጋ ክፍል ሲጠይቁ ብዙ ቤት አይሰጥም፤ ወንድማማቾችም ቢሆኑ ክርክሩ በር ላይ ነው የሚጀምረው። "ትዊን፣ ሁለት አልጋ ያለው" ብላችሁ በስልክ ያዙ። የትዊን ክፍል በየቤቱ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ የልጆቹን ዕድሜ ተናገሩ፤ ተጨማሪ ፍራሽ የሚያስከፍልም የማያስከፍልም አለ። ከአራት ሰው በላይ ሲሆን ሁለት ክፍል ያለው አፓርታማ ከሁለት የሆቴል ክፍል ይረክስ እንደሆነ ማስላት ተገቢ ነው፣ ወጥ ቤት ስላለውም የልጆች ምግብ አያስቸግርም።

ክፍሉን ሳየው ምን ልፈትሽ?

ከመክፈልዎ በፊት ቁልፉን ተቀብለው ብቻዎን ይግቡ። አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

ውሃውን መጀመሪያ። ሻወሩንና የእጅ መታጠቢያውን አብረው ይክፈቱ፣ ግፊቱ ወርዶ ከጠፋ ጠዋት ሁሉም ሰው ሲታጠብ እርስዎ ጋ አይደርስም። ሙቅ ውሃ ካሉ ሙቀቱ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ቦይለሩ ማብሪያው ከክፍሉ ውጭ የሆነበት ቤት አለ፣ የት እንደሆነ ይጠይቁ።

ከዚያ አልጋው። የአንሶላውን ጥግ ገልጠው የፍራሹን ስፌት በስልክዎ መብራት ይዩ። እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍንካች ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም የደረቀ የደም ምልክት ስፌቱን ተከትሎ ካለ ትኋን ነው፤ ክፍል አይቀይሩ፣ ቤቱን ይቀይሩ፣ ምክንያቱም ከጎን ክፍል ይሻገራል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ወባ ያለባት ከተማ ናት፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ ባሉት ወራት። አጎበሩ ቀዳዳ የሌለው፣ ፍራሹ ሥር የሚገባ ርዝመት ያለው መሆኑን ይዩ። ከሌለ ያስመጡ፣ ካላመጡ ሌላ ቦታ ይሂዱ። በዚህ ላይ ብር መቆጠብ አያስፈልግም።

መስኮቱን ይክፈቱና ዝም ብለው ይስሙ። ሥር ያለው ጭፈራ ቤት ቀን ላይ ዝግ ስለሆነ አይሰማም፤ የድምፅ ማጉያና የቢራ ሣጥን ክምር ካዩ ግን ማታ ምን እንደሚመጣ ይገባዎታል። ገብርኤል አጠገብ ያለ ክፍል እሁድ ከሌሊት ጀምሮ የቅዳሴውን ድምፅ ይሰማል። ለሚያስቀድስ ሰው በረከት ነው፣ እንቅልፉን ለሚፈልግ ግን የጓሮ ክፍል ይሻለዋል። ሐይቅ ዳር ከሆኑ ደግሞ መስኮት ከፍተው አይውጡ፣ ጦጣ ገብቶ ሙዙንም ቦርሳውንም ይበረብራል።

በመጨረሻ በሩ ከውስጥ የሚቀረቀርበት መወርወሪያ እንዳለው ይመልከቱ። ዋይፋዩን ደግሞ ሪሴፕሽኑ ጋ ሳይሆን አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ይሞክሩት።

ከውጭ አገር ነው የመጣሁት። በዶላር ክፈል እባላለሁ?

አንዳንድ ሆቴሎችና ሪዞርቶች ለውጭ አገር ዜጋ የተለየ ዋጋ አላቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ፣ ካለዎት ሲደውሉ ይናገሩና "የአገር ውስጥ ዋጋ ነው አይደል?" ብለው ያረጋግጡ። ዘመድ ከአገር ውስጥ እንዲደውልልዎት ካደረጉ እንግዳው ማን እንደሆነ እውነቱን ይናገር፤ በአበሻ ዋጋ ተይዞ በር ላይ የውጭ ፓስፖርት ሲወጣ ክርክሩ ለሁሉም ይከብዳል። ፔንሲዮኖች ጋ ይህ ልዩነት ብዙም የለም። በውጭ ካርድ መክፈል የሚያስቡ ከሆነ ማሽኑ እንደሚሠራ አስቀድመው ይጠይቁ፣ በተጨማሪም ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ብር ይያዙ።

ያስያዝኩት ክፍል ለሌላ ተሰጥቶ ብደርስስ?

ይህ በበዓል ሳምንት ይደርሳል። መጀመሪያ የላኩትን መልእክትና የቀብዱን ደረሰኝ ያሳዩ፣ ከሪሴፕሽን ጋር ሳይሆን ከማናጀር ጋር ይነጋገሩ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ በዚያው ዋጋ የተሻለ ክፍል፣ እሱ ከሌለ እነሱ ራሳቸው ደውለው በአቅራቢያው ተመሳሳይ ቤት እንዲይዙልዎትና የዋጋ ልዩነቱን እንዲሸፍኑ፣ ያም ካልሆነ ቀብዱ ወዲያው በመጣበት መንገድ እንዲመለስ። "ነገ እንልካለን" ከተባሉ ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይቀበሉ።

ክርክሩ እየተካሄደ ሌላ ሰው ከእናንተ መሀል አልጋ ይፈልግ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ዋጋ አለው። በር ላይ የሚጠብቅ ደላላ ወይም ባጃጅ ነጂ "አልጋ አለኝ" ቢልዎት የሚወስድበት ቤት ዋጋ ላይ የእሱ ድርሻ እንደሚጨመር አውቀው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ከቤት ሲነሱ ሁለተኛና ሦስተኛ የመረጧቸውን ቤቶች ስልክ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የስልክ ባትሪ የሚያልቀው እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ነው።

እሁድ ክፍሉን ካስረከብኩ በኋላ እስክሄድ ሻንጣዬን የት ላኑር?

ሪሴፕሽን ላይ ያለ ክፍያ ያስቀምጡልዎታል፣ ሆቴልም ፔንሲዮንም። ላፕቶፕ፣ ፓስፖርትና ገንዘብ ግን ከእርስዎ አይለዩ። ከሐይቅ ተመልሰው ታጥበው መነሳት ከፈለጉ "እስከ 8 ሰዓት ብቆይ ስንት ይጨመራል?" ብለው ቅዳሜ ማታ ይጠይቁ፤ እሁድ ቀን እንግዳ ከሌላቸው በነፃ ወይም በትንሽ ጭማሪ ይፈቅዳሉ። እሁድ ቀን በ6 ሰዓት ጠርዝ ላይ የተጠየቀ ግን የግማሽ ቀን ሒሳብ ሊጠየቅበት ይችላል። በአውቶቡስ የሚመለሱ ከሆነ ትኬቱን ቅዳሜ ይቁረጡ። የእሁድ ከሰዓት መመለሻ መቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ያልቃል፣ ትኬት አጥቶ ለሰኞ ያደረ ሰውም የቆጠበውን የአልጋ ገንዘብ ለሦስተኛ ሌሊት ይከፍለዋል።